ኮሶ የጠጣ ሰው ደጅ፦ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ

መነሻ

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታና ወደ ሱሉልታ ልሄድ ነው ስል የሆስፒታል ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ፈቃድ ያገኘች ነርስ ላንጋኖ ወርዳ ትዝናናለች፣ ወይም ዘመድ ልትጠይቅ ጎጃም ትሻገራለች እንጂ፣ አዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ምን ትሠራለች? አልማዝ የምትባለው ጓደኛዬማ «አስካለ፣ እዚያ ያጨሽ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። ያጨኝ ሰው የለም። ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው። እሱም እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምሠራው ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። ትርፍ አንጀት የምንላት፣ ከትልቁ አንጀት ሥር የተንጠለጠለች፣ ከትንሽ ጣት የማትበልጥ ነገር አለች። አንዳንድ ጊዜ ትደፈንና ታብጣለች። በጊዜ ከተቆረጠች ሰውየው ሳምንት ሳይሞላው በእግሩ እየሄደ ይወጣል። ከዘገየ ግን ትፈነዳለች፣ መግሉ ሆድ ውስጥ ይረጫል፣ ያኔ ሐኪሙም እኛም የምንችለውን አድርገን የቀረውን ለእግዜር እንተዋለን። ከባሌ በበቅሎ የመጣ ሰው ቢዘገይ አልፈርድበትም። ነገር ግን ማልዶ ቢነሳ ከምሳ በፊት አልጋችን ላይ የሚደርስ የሱሉልታ ሰው፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ የሚመጣው ለምንድን ነው?

ቁጡ ነኝ። እናቴም ትነግረኝ ነበር። «እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር?» ብዬ ያልጮኽኩበት በሽተኛ የለም። አንድ ቀን የቀዶ ጥገና ሐኪማችን ጩኸቴን ሰምቶ «ሲስተር፣ የታመመ ሰው ላይ ከምትጮኺ፣ ለምን አገራቸው ሄደሽ አትጠይቂም?» አለኝ። ሊያሳፍረኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ምክር አድርጌ ወሰድኩት። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ቆሟል፣ መንገዱ ደርቋል። አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ጋቢና ቴርሞሜትር በዘምቢል ከትቼ፣ ለቤት አከራዬ ለእማማ ወርቄ «ሥራ አለብኝ፣ ጥቂት ቀን እቆያለሁ» ብዬ ወጣሁ። መልሱን ሳልይዝ እንደማልመለስ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ቡራዩ

ከመርካቶ የአምቦን መንገድ የሚይዘው አውቶብስ ሳይሞላ አይነሳም፤ ከሞላም በኋላ አይነሳም። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ስንት ሰው ጨመረብን። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ታቅፈዋል፣ ዶሮዋ ደግሞ ጋቢዬን እንደ ጎጆዋ ቆጥራዋለች። አስኮን አልፈን ባሕር ዛፉ ሲሳሳ ነፋሱ በመስኮት ገባ። ቡራዩ ስወርድ ክፍያው ስሙኒ መሆኑን ረዳቱ ሁለት ጊዜ ሊያስረሳኝ ሞከረ።

የሄድኩት ወይዘሮ ዘነበች ወደምትባል ሴት ነው። ትውልዷ ከመንዝ ሲሆን ጨውና በርበሬ የምትቸረችርበት ሱቅ አላት። ከክረምት በፊት ወንድሟ ተሾመ በእጄ ነው የሞተው፤ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ታባርረኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ገና ስታየኝ እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ፣ «አንቺ ነሽ ዓይኑን የከደንሽው» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሽሮ በቅቤ አቀረበችልኝ፣ እየበላሁ ጠየቅኋት።

«እንዴት ጀመረው?»

«መጀመሪያ እምብርቱ ዙሪያ ነበር። ቁርጠት ነው አልን። እህል አስጠላው፣ አስመለሰው። ማታ ወደዚህ ወረደበት» ብላ የቀኝ ዳሌዋን አጥንት ከላይ በኩል በመዳፏ ያዘች። «ቀኝ እግሩን ካላጠፈ መተኛት አልቻለም። እኛ የመሰለን ኮሶው የተነሳበት ነው። ወቅጬ፣ በጥብጬ ያጠጣሁት እኔው ነኝ።»

እንግዲህ ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ኮሶ ትል አያጣም፣ ኮሶ ትል ያለበትም በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ አበባ ወቅጦ መጠጣቱ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው፤ አንጀትን አገላብጦ ያጥባል። ያበጠች ትርፍ አንጀት ባለበት ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጨመር ማለት በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ይህንን ከሐኪማችን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዘነበችን ስሰማ ልቤ ኮሶው ላይ ነበር።

«ሌላ ሰው አላየውም?» አልኳት።

«ኮሶ የጠጣ ሰው ዘንድ ማን ይገባል? የሚስቱ ወንድም እንኳ የጭነት መኪና ይዞ ከአምቦ ሲመለስ ሊጠይቀው ቆሞ ነበር። ኮሶ ጠጥቷል አልነው። ደኅና ያድርገው ብሎ ከደጅ ተመለሰ።»

ሰማኋት፤ ሰምቼም አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ዘነበች የገበያ ሴቶችን ሰበሰበችልኝ። ትርፍ አንጀት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚያብጥ በሆስፒታል ቋንቋ አስረዳኋቸው። ግማሾቹ አዛጉ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ «ትርፍ ከሆነማ ምን አስቆጣው?» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። «ሆዱን ላመመው ሰው ኮሶ አትስጡ» ስል ደግሞ ጭራሽ ተቆጡኝ። «ታዲያ ምን እንስጠው?» «ምንም። ምግብም ውሃም አትስጡት፣ ሆዱንም አታሹት፤ ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ኑ።» ታሞ ባዶ ሆዱን የሚተው ሰው ጠላት ያለው ብቻ ነው ብለው ተለያየን። ሌሊቱን ዘነበች ቤት አደርኩ፣ ሽንፈቴን እያብሰለሰልኩ።

ሰበታ

በማግስቱ መርካቶ ላይ አውቶብስ ቀየርኩ እንጂ ቤቴ አልገባሁም። ቤቴ ከገባሁ እማማ ወርቄ ቁርስ አቅርበው፣ ጨዋታ ጀምረው ሐሳቤን እንደሚያስለውጡኝ አውቃለሁ። የጅማ መንገድ ደስ ይላል፤ በፉሪ ኮረብታ ሥር ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ዓለም ገና ላይ አውቶብሱ ሲቆም ቆሎና ቅቅል እንቁላል በመስኮት ይሰጣል። እንቁላል ገዝቼ ልልጠው ስል አውቶብሱ ጉድጓድ ገባ፤ እንቁላሉ ጎኔ የነበረው ሰውዬ ኮት ላይ አረፈ። ይቅርታ አልኩት። «ጨው ጨምሪበት» አለኝ።

ሰበታ ክሊኒክ ውስጥ ያለው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ አቶ ግርማ ይባላል። የድሮ ትውውቅ አለን። በቡራዩ የሆነውን ስነግረው አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «በሽታውን ለሕዝብ አታስተምሪ፤ ጥያቄውን አስተምሪ» አለኝ። ሁለታችን ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንከራከር ውለን ሦስት ጥያቄ አወጣን። የት ጀመረህ፣ አሁንስ የት ደረሰ? እህል አማረህ ወይስ አስጠላህ? ስትስል ወይም ስትዘል ቀኝ ጎንህን ይወጋሃል? ከእምብርት ተነስቶ ወደ ቀኝ ከወረደ፣ እህል ከጠላ፣ ሲስል ከወጋው፣ ሌላ ምርምር አያስፈልግም፤ መኪና ይፈለግ። ቡራዩ ላይ ያባከንኩት ቃል ሁሉ እዚህ ውስጥ ገባ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ሽፈራው የሚባል ልብስ ሰፊ ቤቱ በረንዳ ላይ ሰው ሰበሰበልን። ጥያቄዎቹን ሳስተምር ሁሉም ሆዱን ይዳብሳል። ገና ሳልጨርስ ራሱ አቶ ሽፈራው ፊቱን አጨማዶ ብድግ አለ።

«ሲስተር፣ እኔ አለብኝ።»

«ምኑ?»

«ያልሽው ሁሉ። ቀኝ ጎኔን ይዞኛል። ልጆቼን አደራ።»

ሚስቱ ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች። «ምሳ በሉ?» አልኩት። ትንሽ ብቻ አለኝ። «ምን?» ከሥጋ ቤት የመጣ ቁርጥ። ሚስቱ ቶሎ ብላ «ግማሽ ኪሎውን ብቻውን ነው የበላው፣ በአዋዜ!» አለች። በአንድ እግሩ እንዲዘል አዘዝኩት። በቀኝም በግራም ዘለለ፣ እንደ ፍየል። ሆዱን ተጭኜ በድንገት ስለቀው ተኮርኩሮ ክትክት ብሎ ሳቀ። «አቶ ሽፈራው፣ ትርፍ አንጀት የያዘው ሰው ቁርጥ አያምረውም። የእርስዎ በሽታ አዋዜው ነው» አልኩት። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ያስተማርኩትን እሱ ከእኔ በላይ አስተማረው።

ከሕዝቡ መሐል ግን አንዲት አፍላ ሴት በጎን ጠራችኝ። እሷም ቀኝ ጎኗን ያማታል፤ የወር አበባዋም ቀርቷል። ይህ ትርፍ አንጀት ላይሆን ይችላል፣ ግን ከእሱ የማያንስ አስቸኳይ ነው፤ ፅንስ ከማህፀን ውጭ ሲያድርም እንዲህ ያማል። ግርማ በእለቱ መኪና ፈልጎ አዲስ አበባ ሰደዳት። በቀኝ ያመመ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ይህንንም አስተምሬ መሄድ ነበረብኝ፣ አስተማርኩ።

ሱሉልታ

ሰበታ አድሬ በማግስቱ የሱሉልታን መንገድ ያዝኩ። እንጦጦን ሲወጡ ጆሮ ይደፈናል፣ ሲወርዱ ዓይን ይከፈታል። ከተራራው ማዶ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ሣሩ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል፣ የድርቆሹ ሽታ አውቶብሱ ውስጥ ድረስ ይገባል። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነው የወረድኩት።

እዚህ ሰው የሚሰበስብልኝ ኦቦ ጉተማ ነበር። ሰፊ የሣር መሬት ያለው፣ አገሩ የሚሰማው ሰው ነው። ከሳምንት በፊት በግርማ በኩል ልኬበት «ትምጣ፣ ግቢዬ ይበቃል» ብሎ መልሶልኛል። ግቢው ስደርስ ግን በሩ ተዘግቷል። ሳንኳኳ ሚስቱ አዴ ጫልቱ በግማሽ ከፈተችልኝ። እንደ እኔ አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ጫልቱ? እኔ ከሆስፒታል የመጣሁት ነኝ፤ ኦቦ ቀጥረውኝ ነበር።»

«ነጋ፣ ነጋ። ይቅርታሽን፣ እህቴ። ዛሬ ሰው አይገባም። ኦቦ ሄጦ ጠጥተዋል» አለችኝ። ሄጦ የምትለው ኮሶን ነው።

ኮሶ ጠጥቷል የተባለን ሰው ደግሞ የሚያስቸግር የለም። ቀኑን ሙሉ ወደ ጓሮ የሚመላለስ ሰው እንግዳ ፊት አይቀርብም፣ እንግዳም ልግባ አይልም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ ሲቀር ኮሶ ጠጥቶ ነው ከተባለ አለቃው አይጠይቅም። እኔም ያደግሁበት ጨዋነት ነው። «ደኅና ያድርጋቸው» ብዬ ተመለስኩ።

መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብቼ እጄን በብርጭቆው አሞቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሐሰን ይባላል፤ ድርቆሽ እየገዛ አዲስ አበባ ለላም አርቢዎች የሚያወርድ ነጋዴ ነው፣ የጭነት መኪናው ከደጅ ቆሟል። ገና ሳልጠይቀው ተማረረልኝ።

«አንቺንም መለሱሽ? እኔንም መልሰውኛል። ናና ጫን ብሎ የቀጠረኝ እሱ ነው! ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ኮሶ እንደ ውሃ ነው እንዴ የሚጠጣው? ከመስቀል ወዲህ እኮ ጠጥቷል፤ ያኔም መኪናዬን አቁሜ ነው የዋልኩት።»

«ከመስቀል ወዲህ ጠጥቷል?»

«አዎ! ገና ወር አልሞላውም።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ኮሶ በየሁለት ወሩ ነው። ወር ሳይሞላው የሚደግም ሰው ትል አይደለም የሚያሳድደው፤ ሆዱን አሞታል። ያን ጊዜ በዘነበች ወንድም በተሾመ ደጅ ቆሞ የተመለሰው የጭነት መኪና ትዝ አለኝ። ተሾመን ያዘገየው የጠጣው ነገር ብቻ አልነበረም። ኮሶ ጠጥቷል የሚለው ቃል በሩን ዘግቶበት ነበር። መኪና ያለው ዘመድ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ጨዋ ስለሆነ ብቻ፣ ሄደ። እኔም አሁን ሄድኩ።

«መኪናህን አታንቀሳቅስ» አልኩት ሐሰንን፤ ሂሳቤን እንኳ ሳልከፍል ሮጥኩ።

በር ላይ

አዴ ጫልቱ እንደገና ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ለመንኳት።

«ማሎ፣ አልገባም። እዚሁ ቆሜ ልጠይቅዎት። ኮሶውን የጠጡት ጊዜው ደርሶ ነው?»

ወደ ቤቱ ውስጥ ዞር ብላ አየች። ከዚያ «ሆዳቸውን አሟቸው ነው» አለች።

«የት ጀመራቸው?»

እምብርቷን ነካች። «ትናንት ጠዋት።»

«አሁንስ?»

እጇ እንደ ዘነበች እጅ ወደ ቀኝ ዳሌዋ ወረደ። 

«እህል ቀመሱ?»

«ትናንት ገንፎ አገነፋሁላቸው፣ ሽታውን ጠሉት። ሄጦውንም ዛሬ ግማሹን ጠጥተው አስመለሱት። ቀሪው አለ፤ ሲበርድላቸው ይጠጡታል።»

«እባክዎ ገብተው ሳል በሉልኝ ይበሏቸው። እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።»

እንዳበደች ሴት አየችኝ፤ ግን ገባች። ቆይቶ አንድ ሳል ተሰማ፣ ወዲያው ደግሞ የተዋጠ ጩኸት። አዴ ጫልቱ ነጠላዋን እያጣፋች ተመለሰች። ቢሆንም በሩን አልከፈተችም።

«ነውር ነው፣ እህቴ። ኮሶ የጠጡ ሰውዬ ላይ የማላውቃት ሴት አስገባሁ? ነገ ሰው ምን ይለኛል? እሳቸውስ ምን ይሉኛል?»

እዚህ ላይ ቁጣዬ መጣ፤ ዋጥሁት። እሷ ባሏን እየጠበቀች ነው፣ ልክ እንደተማረችው። መጮህ በሩን ይበልጥ ያዘጋል። ድንጋይ ስቤ ደጃፏ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እንግዲያስ እኔ ከዚህ አልነሳም። አላፊ አግዳሚው ኮሶ የጠጣ ሰው ደጅ ላይ ነርስ ምን አስቀመጣት ይላል። ከዚያ የበለጠ ወሬ ከፈለጉ ይዝጉት። አዴ ጫልቱ፣ እንዲህ ያለ ሰው በእጄ ሞቶብኛል። መኪና ይዞ የመጣ ዘመዱን ከደጅ መልሰውት ነው።»

አሻግራ መንገዱን አየች። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ኦቦ ጉተማ ግዙፍ ሰው ነው። መደብ ላይ በጀርባው ተኝቶ ቀኝ ጉልበቱን አጥፏል። «ማን ናት?» አለ። ሚስቱ ነገረችው። «ኮሶ ጠጥቷል አላልሻትም?» «ነግረውኛል» አልኩት ዘምቢሌን እያስቀመጥኩ። ትኩሳት አለው፣ ብዙ አይደለም። እጄን አሙቄ ከግራ በኩል ጀመርኩ። ግራውን ስጫነው «እዚያ!» ብሎ ቀኙን ያዘ። ቀኙን ቀስ ብዬ ተጫንኩና በድንገት ለቀቅኩ፤ ሲጫኑት ከቻለው ይልቅ ሲለቁት ያመመው በለጠ፣ መደቡን በጡጫ መታ። የሆዱ ጡንቻ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ጠንክሯል፣ ሌላው ገና ለስላሳ ነው። አልፈነዳችም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልፈነዳችም።

«ኦቦ ጉተማ፣ ይህ ኮሶ አይደለም። ትርፍ አንጀት ነው። ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆኑ ይሞታሉ። አላስፈራራዎትም፤ የማውቀውን ነው የምነግርዎት።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። በኦሮምኛ ረጅም ተነጋገሩ፤ ግማሹ ገባኝ። እሱ ነገ ይላል፣ እሷ አሁን ትላለች። በመጨረሻ አዴ ጫልቱ ብድግ ብላ ቀሪውን ኮሶ ከነዋንጫው አነሳችና በራፍ ላይ ደፋችው። ክርክሩ በዚህ አበቃ።

መንገድ ላይ

ሐሰን ወሬውን ሲሰማ አላመነታም። ሊገዛው የነበረውን ድርቆሽ ገንዘቡን እንኳ ሳይነጋገር መኪናው ላይ ወለሉ እስኪለሰልስ ድረስ በተነው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። «ኮሶ ጠጥቶ አልነበረም እንዴ?» ይባባላሉ። አራት ሰው በቁርበት ተሸክሞ ጫነው፣ እኔና አዴ ጫልቱ ግራና ቀኝ ተቀመጥን።

ያ መንገድ ሌላ ምርመራ ነበር። ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ኦቦ ጉተማ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፣ ሐሰንም ጩኸቱን ሲሰማ ቀስ ይላል። እንጦጦን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ድንገት ፊቱ ተፈታ። እጁን ከጎኑ አነሳ።

«ተሻለኝ» አለ። «ዋቃ ይመስገን፣ ለቀቀኝ።»

አዴ ጫልቱ ፊቷ በራ። «ገለቶሚ!» ብላ እያመሰገነች ጉልበቴን ጨበጠች። እኔ ግን ይህችን ፈራኋት። ወጥራ ስታሳምመው የነበረችው ነገር ስትፈነዳ ውጥረቱ ይተነፍሳል፣ ሕመሙም ለጥቂት ጊዜ ይረግባል። ስንቱ ተሻለኝ ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው በዚህች ሰዓት ነው! ብድግ ብዬ የጋቢናውን ጣራ በመዳፌ ደበደብኩ።

«ሐሰን፣ ጉድጓዱን ተወውና ንዳ!»

«ተሻለኝ እያለሽ እኮ ነው!»

«ለዚህ ነው ንዳ የምልህ!»

ነዳ። በዚያ ቁልቁለት ላይ የጸለይኩትን ያህል በዘመኔ ጸልዬ አላውቅም። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ሁላችንም ድርቆሽ ለብሰን ነበር፤ ዘበኛው ጭነት መስሎት ወደ ጓሮ ሊመራን ነበር።

ሐኪማችን ሆዱን ሁለት ጊዜ ብቻ ነካው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። ከትናንት ጠዋት፣ ከእምብርት ወደ ቀኝ ወርዶ፣ ግማሽ ኮሶ ጠጥቶ አስመልሶ፣ እንጦጦ ላይ ሕመሙ ለቀቀው አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባው። ሲወጣ ጭንብሉን አውርዶ «ከፈነዳች ቆይታ አይደለም። አጥቤዋለሁ። ሌላ አንድ ሌሊት ቢያድር ኖሮ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «የሄድሽበትን መልስ አገኘሽ?» አዎ አልኩት።

አዴ ጫልቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዜናውን ስነግራት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከነጠላው ሥር «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው እንደመለስኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «እኔንም ጭምር» አልኳት። ክንዴን አጥብቃ ያዘች።

እዚያው ሆስፒታል አደርኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጉተማ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ድምፁ ሰልሏል። «ኮሶዬን ያስደፋሽኝ አንቺ ነሽ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «ስድን አገሩን እሰበስብልሻለሁ። አሁን የምትይውን ራሴ እነግራቸዋለሁ።» እንደሚያደርገው አልተጠራጠርኩም።

ቤት

እነሆ በዘምቢሌ ይዤ የተመለስኩት ይህንን ነው። በሽተኛን ለምን ዘገየህ ብሎ መቆጣት ከንቱ ነው፤ እሱ የተኛበት ቦታ ነው ያለው። መጠየቅ ያለበት ደጅ ቆሞ የሚመለሰው ሰው ነው። ጊዜው ሳይደርስ ኮሶ ጠጥቷል ሲባል የሰማ ጎረቤት፣ ጨዋነቱን ለአንድ ቀን አስቀምጦ፣ ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቅ። ሌላ ትምህርት የለኝም።

በዚህ ሐሳብ ኮራ ብዬ ቤቴ ደረስኩ። እማማ ወርቄ በሩን ከፍተው ከራስ ጠጉሬ ላይ ድርቆሽ ለቀሙልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ሰው መጣልሽ መሰለሽ! የወንድምሽ ሚስት መጥታ ነበር። የእድሩ ጸሐፊም መጣ። ያቺ አብራሽ የምትሠራው አልማዝ ደግሞ ከትናንት ወዲያ፣ ተመልሳ ይሆናል ብላ ብርቱካን ይዛ መጥታ ነበር።»

«ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ? ላጤ ሴት ብቻዋን አገር ለአገር ትዞራለች ብዬ ስምሽን ላጠፋ ነው? ኮሶ ጠጥታለች አልኳቸው።»

«ለሁሉም? በየቀኑ?»

«ለሁሉም። የመጡበት ቀን ይለያያል፣ ማን ያወዳድረዋል? አንድም ሰው ደግሞ አልጠየቀኝም። ጨዋ ሰዎች ናቸው።»

ሳቄ መጣ፣ ሳቅሁ። ከዚያ የክፍሌን በር አየሁት። መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ብርቱካኖቹ ደፉ ላይ በወረቀት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እዚያ ውስጥ ታምሜ ተኝቼ ቢሆንስ? አልማዝ እንደ እኔ ነርስ ናት። ሰባት ዓመት አብረን የፈነዳ ትርፍ አንጀት አጥበናል። ደጄ ድረስ መጣች፣ ኮሶ ጠጥታለች ተባለች፣ ብርቱካኗን አስቀምጣ ሄደች።

ሳቄ ቆመ። የእማማ ወርቄን እጅ ያዝኩ።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ስለ እኔ የመጣ ሰው ካለ፣ ኮሶ ጠጥታለች ካሉት በኋላ ግባና እያት በሉት።»

«ምነው ልጄ፣ ነውር አይሆንም?»

«ይሁን» አልኳቸው። «ይግባ።»